በዋልካ ላይ የቆመ ጠረጴዛ

ነገር ካልገባኝ እንቅልፍ አይወስደኝም። ወንድሜ «አንቺ እኮ ሰው ሳትሆኚ መርማሪ ነሽ» ይለኛል። ሥራዬም ያው ነው፤ እስራኤል አገር፣ ቂርያት ጋት ኢንዱስትሪ ቀጠና ውስጥ፣ አንድ ፋብሪካ ገብቼ፣ ከማሽን የሚወጣውን ዕቃ እያገላበጥኩ ጠማማውን ከቀናው ስለይ ነው የምውለው። እንግዲህ አንድ ቀን ከቤታችን ጀርባ ባለችው ማኽሳን ውስጥ ዕቃ ስፈልግ አንዲት ብርቱካን ከእጄ አምልጣ ወደቀች። ወድቃ ግን አልቆመችም። ቀስ እያለች ተንከባልላ በስተግራ ያለው ጥግ ውስጥ ገባች። ሌላ ሰው ቢሆን አንስቶ ይልጣት ነበር። እኔ አንስቼ ከሌላ ቦታ ለቀቅኳት። አሁን ደግሞ ወደ በሩ ሄደች። ወይ ጉድ! አንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ቁልቁለት እንዴት ይኖራል? ያን ቀን የፈለግሁትን ዕቃ ሳላገኝ መሸ።

ማኽሳን እዚህ አገር የዕቃ ማስቀመጫ ክፍል ማለት ነው። የኛዋን ከኛ በፊት የነበሩት ሰዎች እንዳመቻቸው እየቀጣጠሉ የሠሯት ናት፤ የወለሉ ግማሽ ሊሾ፣ ግማሹ ከየቦታው የተለቃቀመ ንጣፍ ድንጋይ፣ ጣሪያዋ ቆርቆሮ። የተሰበረ አልጋ፣ የወንድሜ የወታደርነት ሻንጣ፣ ማንም የማይጋልበው ብስክሌት ይቀመጥባት ነበር። ማንም ስለ ወለሏ ግድ አልነበረውም። እኔም ባልተጨነቅሁ፤ ያስጨነቀኝ የእናቴ ጉልበት ነው።

እናቴ ጎንደር ገጠር ሳሉ ሸክላ ሠሪ ነበሩ። በሱዳን በኩል ስንወጣ እኔ ገና በጀርባ የምታዘል ልጅ ነበርኩና እዚያ ሲሠሩ ያየሁት ነገር የለም። እዚህ ከመጡ በኋላ ደግሞ ስንት ዘመን ፋብሪካ ውስጥ ካርቶን ሲያሽጉ ኖሩ። ጡረታ የወጡ ጊዜ ነው ሰውነታቸው የተመለሰው። ግቢ ውስጥ የፍራሽ ቁራጭ አንጥፈው ተቀመጡና ጭቃቸውን አቡክተው ጀመሩ። ትንንሽ ድስት፣ ትንንሽ ገንቦ ይሠሩና በሰፈሩ ማዕከል የኤሌክትሪክ ምድጃ ውስጥ ያስተኩሷቸዋል። እኔ ሥራ ውዬ ስመጣ ያለቀውን ብቻ ነው የማየው። ሲሠሩ ቁጭ ብዬ አይቻቸው አላውቅም።

ታዲያ አንድ ቀን ከተቀመጡበት መነሳት አቃታቸው። እኔና ጎረቤታችን ደግፈን አነሳናቸው። ሐኪሙ ጉልበታቸውን ነካ ነካ አድርጎ «ከእንግዲህ መሬት መቀመጥ የለም» አለ። በቃ። ጭቃው በባልዲ ውስጥ እርጥብ ጨርቅ ለብሶ ቀረ፤ እሳቸውም ሶፋው ላይ ቀሩ። ቴሌቪዥኑን ያያሉ፤ ግን አያዩትም። ጣቶቻቸው የነጠላቸውን ጫፍ ይዘው ያሻሉ፣ ይጠቀልላሉ፣ እንደገና ይፈታሉ። አንድ ቀን ምሳ አቅርቤ ስጠብቃቸው እጃቸውን ዘርግተው አዩትና «እጄ እየረሳኝ ነው» አሉ። «ጉልበትስ ይሂድ፤ ዕድሜ ነው። እጅ ከረሳ ግን ከሰውየው ምን ቀረ?» 

እናቴ እንዲህ ያለ ነገር የሚያወሩ ሰው አይደሉም። ሱዳን በረሃ ላይ የደረሰባቸውን እንኳ ሳያለቅሱ ነው የሚያወሩት። ያኔ ነው ለራሴ የወሰንኩት፤ መሬት መቀመጥ ካልቻሉ መሬቱን ከፍ አደርግላቸዋለሁ። ማኽሳኗን አጽድቼ የሥራ ጠረጴዛ እሠራለሁ፤ ወንበር ላይ ሆነው ወይም ቆመው ይሥሩ። ካልተቻለ እናቴን እዚያ ሶፋ ላይ ቁልቁል ሲሄዱ ቁጭ ብዬ ላይ ነው፤ ይህን ደግሞ አልችልም።

ጠየቅኋቸው ወይ? አልጠየቅኋቸውም። የኛን እናቶች የሚያውቅ ያውቀዋል። «ጠረጴዛ ልሥራልዎት፣ እንዴት ይሁን?» ብትል «አይ ልጄ፣ አትልፊ፣ ለኔ ብለሽ» ይባላል፤ ነገሩም እዚያው ይሞታል። ስለዚህ ዝም ብሎ ሠርቶ ማቅረብ ነው። የመጋዙን ድምፅ ሰምተው «ምን እየሠራሽ ነው?» ሲሉኝ «የዕቃ መደርደሪያ» አልኳቸው።

አናጢ አይደለሁም። መጋዝ ይዤ የማውቀው የዳስ በዓል ሲደርስ ብቻ ነበር። ግን ከፋብሪካው የዕቃ መጫኛ ጣውላ የተሰባበረውን ውሰጂ ተባልኩና እየፈታሁ፣ ምስማሩን እየነቀልኩ፣ በአራት እግር አቆምኩት። አቆምኩት ስል፣ ቆመ ማለቴ አይደለም። ሦስት እግሩ መሬት ሲረግጥ አራተኛው አየር ላይ ነው። ያንን ስጫነው ሌላው ይነሳል። እንደ አህያ እየረገጠ አስቸገረኝ። ከእግሩ ሥር ሽብልቅ ከተትኩ፤ ትንሽ ቆመ። ውሃ ልኩን አስቀመጥኩበት፤ በውስጡ ያለችው አረፋ መሀል ላይ ቁጭ አለች። እሰይ ብዬ ዘፈንኩ ማለት ይቻላል።

ከዳስ በዓል በኋላ የመጀመሪያው ዝናብ መጣ። ከዝናቡ በኋላ ገብቼ ጠረጴዛውን ነካ ሳደርገው ይወዛወዛል! ሽብልቁ እንዳለ አለ፣ ማንም አልነካውም። ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ ማንም አልነካውም። አረፋዋ ወደ አንድ ጎን ሸሽታለች። ሽብልቅ ቀየርኩ። ቀናት አልፈው ፀሐይ ሲወጣ እንደገና ወዝወዝ። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ የሚሉት ይኸ ነው። አንጀቴ እርር ብሎ መዶሻውን ወርውሬ ወጣሁ፤ ግን ወጥቼም አልተውኩትም፤ እየዞርኩ ግቢውን ማየት ጀመርኩ። በበጋ እግር የሚውጥ የሚያህል ስንጥቅ የነበረበት አፈር አሁን ተገጣጥሞ፣ አብጦ፣ ጫማዬ ላይ እንደ ሙጫ ይለጠፋል።

እናቴ በሩ ላይ ምርኩዛቸውን ይዘው ቆመው ያዩኝ ነበር።

«ምን ጠፋብሽ?» አሉኝ።

«ወለሉ ይንቀሳቀሳል፣ እማዬ። ሲሚንቶ እኮ ነው፤ ሲሚንቶ እንዴት ይንቀሳቀሳል?»

ጎንበስ ብለው ማየት ስላልቻሉ ምርኩዛቸውን ጭቃው ላይ ወጋ አድርገው አነሱትና ጫፉን አዩ። «ዋልካ ነዋ» አሉ። «ክረምት ይጠጣና ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ዋልካ ላይ የቆመ ነገር ሁሉ አብሮት ይተነፍሳል።» ከዚያ ወደ ቤት ገቡ።

እንዴት እንደደነቀኝ! ይህን ሁሉ ጊዜ እኔ ከሲሚንቶው ጋር ስጣላ፣ ጠቡ ከታች ካለው አፈር ጋር ኖሯል። ብርቱካኗም ሁለት ቁልቁለት ያገኘችው ለዚያ ነው፤ ሊሾው በአንድ ዘመን፣ ንጣፉ በሌላ ዘመን የተሠራ ነውና አፈሩ ሲያብጥ እያንዳንዱ በየፊናው ተነስቷል። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራ ከመሄዴ በፊት ገብቼ ውሃ ልኩን ወለሉ ላይ አስቀምጬ ማየት ልማድ ሆነብኝ። ወንድሜ ያየኝ ቀን «እታለም፣ ለመሬቷ የደም ግፊት እየለካሽላት ነው?» ብሎ ሳቀብኝ። ይሳቅ። አዎ፣ እየለካሁላት ነበር።

መፍትሔውን ያመጡት ጎረቤታችን ናቸው። የሞሮኮ ሰው ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ግንበኛ ነበሩ፤ አሁን ሥራቸው በአጥሩ ላይ ሆኖ የሰው ሥራ ማየት ነው። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት። በዕብራይስጥ ሁሉም ሰው አንተ ስለሆነ እሳቸውንም «አንተ» እላቸዋለሁ፤ ባማርኛ ሳወራ ግን ሽማግሌ ናቸውና አፌ እምቢ ይለኛል።

«ቢቲ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ወለሉን ለምን ትለምኚዋለሽ? ተይው። ግድግዳው ላይ እሰሪው። የኋላ እግር አያስፈልግም፤ ብረት ግጠሚና ግድግዳው ይሸከም። ግድግዳ አይወዛወዝም።»

እውነታቸውን ነበር። ግድግዳውን በሳሁ፣ ማዕዘን ብረት ገጠምኩ፣ በብሎን አሰርኩት። የኋላው በግድግዳ፣ የፊቱ በሁለት እግር። ላዩ ላይ ወጥቼ ብቀመጥበት እንኳ ንቅንቅ አይልም። ጠርዙን በአሸዋ ወረቀት አሸሁት፣ መስኮቱ ሥር ስለሆነ ብርሃን አለው፣ ወንበር አስቀመጥኩ፣ የጭቃውን ባልዲ አጠገቡ አደረግሁ። ከዚያ እናቴን ክንዳቸውን ይዤ አስገባኋቸው።

ረጅም ጊዜ ቆመው አዩት። በመዳፋቸው ጣውላውን ዳበስ ዳበስ አደረጉት። ከዚያ እጃቸው እየሄደ እየሄደ ግድግዳው ጋ ደረሰና ቆመ።

«እጅሽ ይባረክ» አሉኝ። «ይህን ሁሉ አንቺ ሠራሽው? እግዚአብሔር ያክብርሽ፣ የኔ ልጅ።»

ያን ቀን ከኔ በላይ የሆነ ሰው አልነበረም። ሥራ ቦታ ለሁሉም ፎቶውን አሳየሁ።

ግን ማንም አልሠራበትም። ሳምንት አለፈ፤ ጭቃው ባልዲው ውስጥ እንዳለ ነው። «ለምን አይሞክሩም?» ስላቸው «ዛሬ ይበርዳል»፤ ሌላ ቀን «ዛሬ ጉልበቴን ይዞኛል»፤ ሌላ ቀን «ሰንበት እየገባ ነው»። እየገባች ያለችው ሰንበት ገና ሩቅ ናት! አንዳንዴ ከሥራ ስመጣ የማኽሳኗን በር ገርበብ ብሎ አገኘዋለሁ፤ ገብተው እንደነበር ያስታውቃል። ወንበሩ ከቦታው ተነስቶ ወደ ጎን ተደርጓል። ጠረጴዛው ላይ ግን ምንም የለም። የሰው እጅ የነካው አይመስልም። ምን ያደርጋሉ ገብተው? ለምን ይወጣሉ? ጠረጴዛው ረዘመባቸው? ብርሃኑ ዓይናቸውን ወጋቸው? ወይስ እንዳሉት እጃቸው ረስቶ፣ ይህን ለልጄ ማሳየት አልፈልግም ብለው ነው? የመጨረሻውን ሳስብ ፈራሁ። መጠየቁንም ፈራሁ። እውነቱን ቢነግሩኝስ?

አንድ ቀን የጠዋቱን ፈረቃ ጨርሼ ቀደም ብዬ መጣሁ። ከጎን በኩል ወደ ግቢው ስዞር እናቴ ውጭ ናቸው። የፕላስቲክ በርሜላችንን መሀል ግቢ አቁመው፣ የልብስ መዘፍዘፊያውን ሳፋ በላዩ ደፍተውበታል። ምርኩዛቸው አጥሩ ላይ ተደግፏል። እሳቸው በርሜሉን ይዞራሉ። ቀስ ብለው፣ እያነከሱ፣ ጎንበስ ብለው፤ አንዱ መዳፋቸው ከውስጥ፣ አንዱ ከውጭ፣ በመሀላቸው የማይታይ ነገር የያዙ ይመስል። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ጭቃ የለም። ምንም የለም።

በቃ፣ ጉልበታቸው ሲሄድ አእምሯቸውም ተከተለው አልኩ። ቦርሳዬን ጥዬ ሮጥኩ።

«እማዬ! ምን እያደረጉ ነው?»

ቀና ብለው አዩኝ። ዓይናቸው ጥርት ያለ ነው፤ እንዲያውም እንደዚያ ቀን ጠርቶ አይቼው አላውቅም።

«እየሠራሁ ነዋ» አሉ።

«ምኑን?»

«እንስራ።» 

«የታለ እንስራው?»

«ምነው ልጄ፣ ያበድኩ መሰለሽ እንዴ?» ብለው ሳቁ። «እጄን እየጠየቅሁት ነው። እግሬ ካልዞረ እጄ አያስታውስም።»

በርሜሉን አየሁ። እሳቸውን አየሁ። የእግራቸውን ዱካ አየሁ፤ በርጥቡ አፈር ላይ ክብ ሠርቷል። የዛሬ ብቻ አይደለም፤ ደጋግሞ የተረገጠ ነው።

«ጠረጴዛውስ?» አልኩ።

«ጠረጴዛውማ ቆንጆ ነው። እጅሽ ይባረክ ብዬሽ የለ?»

«ቆንጆ ነው ወይ አላልኩዎትም፤ ለምን አይሠሩበትም?»

ነጠላቸውን አስተካከሉ። ይሉኝታ እናቴን አንቆ ሲይዛቸው አውቃለሁ፤ አንገታቸው ትንሽ ዘመም ይላል። በመጨረሻ በጣም ቀስ ብለው፣ እንደ ጥፋተኛ፣ «ግድግዳውን ምን ላድርገው፣ ልጄ?» አሉኝ።

በርሜሉን እየዞሩ ሲያስረዱኝ ነው የገባኝ። ትንንሹን ዕቃ ገል ላይ አስቀምጠው በእጃቸው ያዞሩታል፤ እሱ የትም ይሠራል። ትልቁ ግን፣ እንስራው፣ እርጥብ ሆኖ ማን ያዞረዋል? ይወላገዳል። እሱ ባለበት ይቆማል፤ ሴትየዋ ናት የምትዞረው። አጎንብሳ፣ ወደ ኋላ እየረገጠች፣ የእንስራውን ግድግዳ በሁለት እጇ መሀል እያሳደገች፣ ዙሪያውን ትሄዳለች። እናቴ ያን ሁሉ ዘመን እዚያ አገር የሄዱት መንገድ ቢለካ የት ያደርስ ነበር! እኔ ደግሞ ጠረጴዛው እንዳይወዛወዝ ብዬ ግማሹን መንገድ በግድግዳ ዘጋሁባቸው። ዓለም ሁሉ የሥራ ጠረጴዛን ግድግዳ ያስጠጋል፤ እኔም አስጠጋሁ። ከእኛ ሌላ ማን እንዲህ ይሳሳታል? ልጅ ትሠራለች፣ አትጠይቅም፤ እናት ታመሰግናለች፣ አትሠራበትም።

«ለምን አልነገሩኝም?» አልኩ፤ ድምፄ ከፍ ማለቱ አልቀረም። «ይህን ሁሉ ጊዜ!»

«ለፍተሽ የሠራሽውን? ምን ብዬ? አንቺስ ለምን አልጠየቅሽኝም?»

«ብጠይቅዎት ‹አይ ልጄ፣ አትልፊ› ይሉኛላ!»

«እሱማ እላለሁ» አሉ።

ተያየን። ከዚያ ሳቃችን መጣ። እናቴ በርሜሉን ይዘው፣ እኔ አጥሩን ይዤ፣ እንባችን እስኪወጣ ሳቅን። ጎረቤታችን አንገታቸውን በአጥሩ ብቅ አድርገው ምን ተገኘ አሉ። ጠረጴዛው ከግድግዳው ሊፈታ ነው አልኳቸው። ስድስት ብሎን ያሳሰሩኝ ሰው ፊታቸው ምን እንደመሰለ እኔ ነኝ የማውቀው።

ጠረጴዛው ወደ መሀል ሊወጣ ነው፤ መሀል ደግሞ ሊሾውና ንጣፉ የሚገናኙበት፣ ከወለሉ ሁሉ የባሰው ቦታ ነው። ከመጀመሪያው ችግር ጋር እንደገና ፊት ለፊት ተገናኘን። በዚህ ጊዜ ግን እየጠየቅሁ ነው የሠራሁት። ቁመቱ? እምብርት ድረስ፤ ከዚያ በላይ ሲሆን ክንድ ይደክማል። ቅርጹ? ጥግ ያለው ነገር ዳሌ ይመታል። እንግዲያው ክብ ነው።

ክቡን ያገኘው ወንድሜ ነው። ያኔ ካርሜ ጋት የምትባለው አዲስ ሰፈር ገና እየተቆፈረች፣ ፎቆቹ አንድ በአንድ ብቅ ብቅ እያሉ ነበር። የኤሌክትሪክ ሽቦ የሚጠቀለልበት ትልቅ የእንጨት መንኮራኩር ሥራው አልቆ ዳር ላይ ተጥሎ አየና የሥራ መሪውን ለመነው፤ ሰውየው «ውሰዱልኝ፣ ገላገላችሁኝ» አለው። ወንድሜ መንኮራኩሩን እያንከባለለ ሲያመጣ የሰፈሩ ሰው ሁሉ በረንዳ ላይ ወጥቶ አየው። «ለእናትህ ምን ልትሠራ ነው?» ሲሉት «አውሮፕላን» ይላል።

አንዱን ክብ ፈታንና ጠረጴዛ ሆነ። እግሩስ? እኔ አራት እያልኩ ሳሰላ፣ ወንድሜ ቁጭ ብሎ ሲያየኝ ቆየና «እታለም፣ ጉልቻ ለምንድነው ሦስት የሆነው?» አለኝ። ዝም ብሎ ነበር የጠየቀው፤ እዚህ አገር የተወለደ ልጅ ነው፣ ጉልቻ የሚያውቀው በተረትና ምሳሌ ነው። እኔ መጋዙን አስቀመጥኩ። ለምን ሦስት ሆነ? አራት ድንጋይ በወጣ ገባ መሬት ላይ ብትጎልት አንዱ ሁልጊዜ ሥራ ፈት ነው፤ ድስቱ ይንገዳገዳል። ሦስት ከሆኑ ግን የፈለገው ቦታ ላይ ይሁን፣ ሦስቱም ይረግጣሉ። ጮህኩ። ሰው ሁሉ ከአዳም ጀምሮ ሲጥድበት የኖረውን ነገር እኔ ትናንት ደርሼበት ጮህኩ። ወንድሜ እስካሁን እንደ ምሳሌ ይነግርብኛል።

ሦስት እግር አይወዛወዝም፤ ዘመም ግን ይላል። ለሱም መላ አገኘሁለት፤ ፋብሪካችን ውስጥ ያሉት ማሽኖች እግራቸው ወፍራም ብሎን ነው፣ በመፍቻ ሲያዞሩት ከፍ ዝቅ ይላል። ስንት ዘመን አጠገባቸው ቆሜ ስውል አንድ ቀን ጎንበስ ብዬ አላየሁትም። ለሦስቱም እግር እንደዚያ ያለ ብሎን አበጀሁ። ዋልካው ይተንፍስ፤ እኔ በመፍቻ አብሬው እተነፍሳለሁ።

እናቴ ሊያዩት ሲገቡ አንድ ጊዜ ዙሪያውን ሄዱ። ምርኩዛቸው ኳ ኳ ይላል። ሁለተኛ ሲዞሩ ምርኩዙን ለኔ ሰጡኝና ጠርዙን ይዘው ሄዱ። ከዚያ ቀና ብለው «ጭቃውን አምጪው» አሉኝ። እጅሽ ይባረክ አላሉኝም። ደስ አለኝ።

ያን ከሰዓት በኋላ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ እናቴ ሲሠሩ አየሁ። ጭቃውን ከተፈጨ ገል ጋር ለወሱት፣ ጠፈጠፉት፣ መሀሉን በጭብጣቸው ቦረቦሩት። ከዚያ መዞር ጀመሩ። መጀመሪያ እግራቸው ያመነታ ነበር፤ ንጣፉ ከሊሾው ጋር የሚገናኝበት ጋ ሲደርሱ ቆም ይላሉ። እየቆዩ ሲሄዱ ቦታውን እግራቸው ለመደው፤ ሳያዩ ይሻገሩታል። ጭቃው በመዳፎቻቸው መሀል ተነሳ። ሆዱ ሰፋ፣ ከዚያ ተሰበሰበ። ደከማቸውና ወንበር ላይ አረፍ አሉ፤ ጉልበታቸውን አሹ፤ እንደገና ተነሱ። በቅል ስባሪ ከውስጥ ፋቁት፣ በበቆሎ ቆረቆንዳ ከውጭ አለሰለሱት። እኔ የምጠይቀው አያልቅም፤ ይህ ለምንድነው፣ ያ ለምንድነው። አንዳንዱን ይመልሳሉ፤ አንዳንዱን «እኔም አላውቅ፤ እጄን ጠይቂው» ይላሉ። ሶፋው ላይ የነበሩት አሮጊት የት ሄዱ? እኔ አላውቅም። የእናቴ ፊት በላብ ወዝቶ፣ ነጠላቸው ተንሸራቶ መሬት ወድቆ፣ እሳቸው አላወቁም።

አንገቱ ደረሰ። አፉን በእርጥብ ቆዳ ዳሰሱት፣ ከንፈር አወጡለት። ወደ ኋላ ቆመው አዩት። ቀጥ ያለ፣ ሙሉ፣ የሚያምር እንስራ ነበር። ለወንድሜ ልልክለት ስልኬን ከኪሴ ሳወጣ፣ እናቴ ወደ ፊት ጠጋ አሉና በጭብጣቸው መቱት። አንድ ጊዜ ከአፉ። ሁለተኛ ከሆዱ። ተደፋ፤ ሙልጭ ብሎ ጭቃ ሆነ።

«እማዬ!» ብዬ ጮህኩ። «ምን ነካዎት? ምን አደረጉት!»

«እጄ አልረሳኝም» አሉ። ትንፋሻቸው ይቆራረጣል፤ ግን ይስቃሉ። «እሱን ማወቅ ነበር የፈለግሁት። አወቅሁት።»

«ታዲያ እንስራውን ማፍረስ ምን አመጣው? ይህን ሁሉ ደክመው!»

ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። እጃቸውን ጭናቸው ላይ ዘርግተው አስቀመጡ፤ ጭቃው እስከ ክንዳቸው ነው።

«እዚያ አገር ሸክላ ሠሪ ምን ይሏት እንደነበር ታውቂያለሽ» አሉኝ። «ቡዳ ነበር የሚሏት። በሠራሁት እንስራ ውሃ ይጠጣሉ፤ እኔን ግን ሲያዩ ልጃቸውን ይሸፍናሉ። አንቺን ስወልድ፣ የዚችን እጅ ጭቃ አላስነካም ብዬ ማልኩ። አላስነካሁሽም። እናቴ ለኔ ያሳየችኝን፣ የሷ እናት ለሷ ያሳየቻትን፣ እኔ ደብቄ ያዝኩት። ከዚያ ጉልበቴ ሲከዳኝ ቁጭ ብዬ አሰብኩት፤ እጄ ከረሳ ለማን ላሳይ ነው? ያሳየኝ ሰው ሁሉ ሞቷል።»

አርባ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ እናቴ ከኔ የደበቁት ነገር አለ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ሸክላ የማልሠራው አለመቻሌ፣ ወይም አለመፈለጌ ይመስለኝ ነበር። አለቀስኩ። እሳቸው አላለቀሱም።

«በይ» አሉ በአገጫቸው ወደ ጠረጴዛው እያሳዩኝ። «የኔን አየነው። አሁን ያንቺን እጅ እንየው። ሰዓትሽን አውልቂ።»

ሰዓቴን አወለቅሁ። እጅጌዬን ሰበሰብኩ። ጭቃው ገና የእናቴን ሙቀት እንደያዘ ነበር። ጭብጤን መሀሉ ላይ አስቀምጬ ተጫንኩና ምን እንደሚከተል ለመጠየቅ ዞር ብዬ አየኋቸው።

«አትቁሚ!» አሉኝ። «አትዪኝ። ዙሪ።»

ዞርኩ።